ትንፋሽ ለሁለት

መናኸሪያው ውስጥ ድምጿን የማያውቅ መንገደኛ አልነበረም፤ ፊቷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ ከትኬት መስኮቶቹ በላይ ያለ፣ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ተቀምጣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ የጠፋ ሻንጣ የት እንደተገኘ፣ እናቱን ያጣ ሕፃን የት ቆሞ እንደሚያለቅስ ትናገራለች። ከታች ያለው ሰው ድምጿን ሲሰማ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን ያያል እንጂ መስታወቱን አያይም። ትኬት ቆራጮቹ “ማይክዬ” ይሏታል።

ሥራው ተቀምጠው የሚሠሩት ስለሆነ ተስማምቷት ነበር። ጠላቷ ወደ ክፍሉ የሚያስወጣው ደረጃ ብቻ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጇ እየጎተተች፣ ወገቧን ወዲያና ወዲህ እየጣለች ስትወጣ ማንም እንዲያያት አትፈልግም።

ሕመሙ የቤተሰብ ነው። እናትና አባቷ ራሳቸው ጤነኞች ነበሩ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ሳያውቁት የያዙት እክል ግን ልጆቻቸው ላይ ተገናኘ። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሟ ላይ ታየ፣ ቀጥሎ እሷ ላይ። ጡንቻቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይከዳቸዋል፤ መጀመሪያ መሮጥ፣ ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ ከተቀመጡበት መነሳት። ወንድሟ ላይ ፈጠነ። አንድ ክረምት ጉንፋን ያዘው፤ አክታውን የሚያወጣበት የሳል ጉልበት አጥቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስል የያዙትን አስቀምጠው ጆሯቸውን ያቀናሉ።

ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የተዋወቁት በጠብ ነበር። ቁርሱን ሳይጨርስ አውቶቡሱ ተነሳ ብላ በማስታወቋ ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“ሾፌሩ እኔ ነኝ፤ እኔ እንቁላሌን እየበላሁ እንዴት ብዬ ነው የተነሳሁት?” አላት።

በሳምንቱ ያለ ጠብ መጣ። ከመጋባታቸው በፊት ስለ ወንድሟም ስለ ራሷም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ “እኔ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ ሁልጊዜ ወንበር ላይ። ማን ማንን ያሯሩጣል?” አለ። ቀልዱ ብዙም አላሳቃትም፤ ልቧን ግን አሳረፈላት።

ሠላሳዎቹን ከተሻገረች በኋላ አረገዘች። ከልጅነቷ ጀምራ የምታክማትን የጡንቻ ሐኪም ልታማክር ሄደች። ሐኪሟ ቱቦ ውስጥ አስነፋቻት፤ ደግማ አስነፋቻት፤ መሣሪያው ያሳየውን አይታ መነፅሯን አወለቀች።

“ልከለክልሽ አልችልም” አለቻት። “እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ወልደው አሳድገዋል። ግን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ።”

የነገረቻት ይህ ነው። ባሏም ያንኑ እክል የያዘ ካልሆነ በቀር ልጁ ታማሚ አይሆንም፤ አደጋው ያለው እሷው ላይ ነው። ሳንባዋ የሚያወጣው አየር የጤነኛ ሰው ግማሽ ቢሆን ነው፤ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያጣብበዋል። ልቧም ጡንቻ ነውና በየጊዜው መታየት አለበት። ክብደቱ እግሮቿን ሊያስቆማቸው ይችላል፤ አንዴ ከቆሙ ከወሊድ በኋላ ላይመለሱ ይችላሉ። ምጥ የሚገፋው በሆድ ጡንቻ ስለሆነ ያንን መቻሏ ያጠራጥራል። እንዲህ ላለ ሰውነት የማይሰጡ የማደንዘዣ መድኃኒቶችም አሉ፤ ስለዚህ ቢጨንቃት እንኳ ቅርብ ነው ብላ ያገኘችው ክሊኒክ ዘው እንዳትል፣ ሕመሟን የሚያውቅ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ በቀጠሮ ትውለድ።

እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

“በጀርባዬ ተኝቼ መተንፈስ የማልችልበት ቀን ይመጣል?”

“ይመጣል። ያን ጊዜ ተቀምጠሽ ትተኛለሽ።”

ሾፌሩ የምሥራቹን ሲሰማ ጨፈረ፤ የቀረውን ሲሰማ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሾፌሮች የሚሸሹትን ረጅሙን መስመር እየለመነ ይወስድ ጀመር። ሰው ፍርሃቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይለያያል፤ የእሱ መሪው ላይ ነበር። ቤት ሲውል፣ ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሊወድቅ ያለ ብርጭቆ የሚያይ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላዋ ይከተላታል። መንገድ ላይ ሲሆን ከየማረፊያው ይደውላል። “ደህና ነሽ?” “ደህና ነኝ።” ወሬው እዚያ ያበቃል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ልትነግረው የነበረው ሁሉ ይመጣላታል።

እናቷ የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። “አንዱን ቀብሬያለሁ። አንቺንም ቀብሬ፣ ትተሽልኝ የምትሄጂውን የማሳድግበት አቅም የለኝም” አሉ። አልጮኹም። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በሩን በቀስታ ዘግተው ወጡ። በማግሥቱ ስትደውል አላነሱም። ከዚያም በኋላ አላነሱም።

ትንፋሿ መቀነሱን መጀመሪያ ያወቀችው ሥራዋ ላይ ነው። ለዓመታት የአንዱን አውቶቡስ ማስታወቂያ ከአነሳሱ ሰዓት እስከ በሩ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። አሁን መሀል ላይ ያልቅባታል። መጀመሪያ ማይኩ የተበላሸ መሰላት። ከዚያ ማስታወቂያውን ለሁለት ከፈለችው፤ ቆየት ብላ ለሦስት። በመጨረሻም ከጫፉ ላይ “መልካም መንገድ” የሚለውን አስቀረችው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ይህን ልብ ያለው ሽበታሙ ትኬት ቆራጭ ብቻ ነበር።

“ማይክዬ፣ ምነው ተቀየምሽን? መልካም መንገድ ማለት ተውሽ” አላት።

“ትንፋሽ እየቆጠብኩ ነው፣ ጋሼ።”

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ እንዳታብራራ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ከኋላዋ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሆዷን አልነካትም፤ ሕፃኑም ሲገላበጥ ተሰማት። መነሳት ግን አልቻለችም። ድሮ ጉልበቷን ተደግፋ፣ ጠረጴዛውን ይዛ፣ እንደ ምንም ትነሳ ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ያለ ቅጥ ሩቅ ሆነባት። ክፍሉ ድምፅ የማያሳልፍ ነው፣ ስልኳ ያለበት ቦርሳ ደግሞ ከኮቷ ጋር ተሰቅሏል። በመስታወቱ ታችኛ ጫፍ በኩል የሰዎቹ ጭንቅላት ሲተራመስ ይታያታል። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ቢያንስ ለአንድ አውቶቡስ መነሻ ያህል ጊዜ እንዲሁ ተቀመጠች፤ ያ አውቶቡስ ሳይነገርለት እንደሄደ ገብቷታል። ከዚያ የማይኩን ገመድ ቀስ አድርጋ ጎተተችው። ማይኩ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ቁልፉን ተጫነችና፣ እንደ ሁልጊዜው በተረጋጋ ድምፅ፣ በየመሀሉ እያረፈች፣ “ከትኬት ክፍል... አንድ ሠራተኛ... ወደ ማስታወቂያ ክፍል... እንዲመጣ ይጠየቃል” አለች።

ሽበታሙ ትኬት ቆራጭ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣ። ወለሉ ላይ ሲያያት ክው ብሎ ቀረ። እሷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በመውደቋ ሳይሆን፣ እርዱኝ ለማለት ያንን የሥራ ድምጿን መልበስ ስላስፈለጋት።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ብዙም ሳይቆይ፣ ልጁ ከመምጣቱ ሳምንታት በፊት፣ ሆስፒታል አስተኟት። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ በጀርባዋ ተኝታ መተንፈስ ስለማትችል ቀንም ሌሊትም ከፍ ያለ ራስጌው ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነው። ስትተኛ አየር የሚገፋላትን ጭንብል አፍንጫዋ ላይ ታስራለች። ማሽኑ በእሷ ፈንታ ይተነፍሳል፤ እሷ ታዳምጠዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ይመጣሉ፣ ያምጣሉ፣ ይወልዳሉ፣ ዘመድ አጅቧቸው ይሄዳሉ፤ አንሶላው ይቀየርና ሌላ ትመጣለች። አንዷ ወጣት ጭንብሉን አይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ምንድነው የያዘሽ? ይጋባል እንዴ?” አለቻት።

“አይጋባም፤ የሚወረስ ነው።”

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ ትንሽ ቆይታ ግን በመሀላቸው ያለውን መጋረጃ ሳበችው።

ሾፌሩ በጉዞዎቹ መሀል ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ብርቱካኑን ልጦ ያጎርሳታል፤ ወሬ ይጀምርና ሳይጨርሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጫማው አቧራ ነው፣ አንገቱ ወደ ጎን ተንጋዷል። ልትቀሰቅሰው አትጨክንም። የመጠየቂያው ሰዓት ሲያልቅ ነርሷ ትከሻውን ትነካዋለች፤ እሱም እያፈረ ግንባሯን ስሞ ይወጣል። እናቷ አልመጡም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ መሄዱን ግን አላቆመም።

ትንፋሿ ይበልጥ ሲያጥር ሐኪሞቹ ተሰብስበው ከቀኑ ቀደም ብሎ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ቆረጡ። ሙሉ በሙሉ አያስተኟትም፤ የሚያደነዝዟት ከወገቧ በታች ብቻ ነው፤ ከወገቧ በላይ ቀና ብላ፣ ነቅታ ትወልዳለች። ማደንዘዣ ሰጪው ከራስጌዋ ተቀመጠ። ከአፍ መሸፈኛው በላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው።

“እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ” አላት። “አውሪኝ። ስታወሪ ትንፋሽሽ እንዴት እንደሆነ እሰማለሁ። ያመጣልሽን አውሪኝ፤ እንዳታቆሚ ብቻ።”

የዕድሜዋን እኩሌታ ለሕዝብ ስትናገር ኖራ፣ አንድ ሰው ያመጣልሽን አውሪኝ ሲላት አፏ ተያዘ። መጋረጃው ወዲያ መሣሪያ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ከዚያ ምኑ እንዳመጣው ሳታውቅ ስለ ወንድሟ ጀመረች። ልጆች ሳሉ፣ ሁለቱም መውደቅ በጀመሩበት ጊዜ፣ አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያወቀ አጠገቡ ይወድቅና ቀድሞ ለመነሳት ይሽቀዳደማሉ። እናታቸው እየሮጡ ሲመጡ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘርግተው ይስቃሉ። ኋላ ወንድሟ መነሳት እያቃተው ሲሄድ፣ እሷ እየቻለች እያወቀች ትዘገይለት ነበር። እሱ ገብቶታል። አንድ ቀን፣ “ተነሺ፤ አታስመስዪ። አንቺ ስትነሺ ማየት ነው ደስ የሚለኝ” አላት።

ይህንን ለእናቷም፣ ለባሏም ተናግራው አታውቅም። ፊቱን እንኳ ላላየችው ሰው በቁርጥራጭ ትንፋሽ ተረከችው። ሰውየው በየመሀሉ “እሺ... ከዚያስ?” እያለ፣ ዓይኑን ከመሣሪያው ሳይነቅል አዳመጣት። ገና ሳትጨርስ ሕፃን አለቀሰ።

ሴት ነበረች። ጉንጯ ላይ አስጠጉላት። እርጥብ ናት፣ ትሞቃለች፣ ትጮኻለች። “ከዚያስ?” አላት ሰውየው፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ወሬ አልነበራትም።

በማግሥቱ በሩ ተከፈተና እናቷ ገቡ። ሾፌሩ ነው የነገራቸው። ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። ሰላም አላሉም፤ የሕፃኗንም ፊት አላዩም። መጠቅለያውን ከእግሯ በኩል ገለጡ፣ ጉልበቷን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መዳፋቸውን ከትንንሾቹ እግሮች ሥር አድርገው ጠበቁ። ሕፃኗ ገፋቻቸው። ደግመው መዳፋቸውን አስጠጉ፤ ደግማ ገፋች።

“ትራገጣለች” አሉ እናቷ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሐኪሟ እንደፈራችው እግሮቿ አልተመለሱም። ወደ ቤት የገባችው በዊልቸር ነው። መናኸሪያው በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ቀጠረ። እናቷ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡና ቤቱን ተረከቡ። ሕፃኗን ያጥባሉ፣ ያቅፋሉ፣ ያስተኛሉ። ለጡት ብቻ ያመጡላታል፤ ክንዷ ሥር ትራስ ያደርጋሉ፣ ሲያልቅ አንስተው ይወስዳሉ። “አንቺ እረፊ” ይላሉ። በደግነት ነው የሚሉት፤ ለዚህ ነው ልትቃወማቸው የማትችለው። ሕፃኗ ስታለቅስ እሷ በዊልቸሯ ገና አቅጣጫ ሳትይዝ እናቷ ቀድመው ደርሰዋል። ባዶ እጇን ይዛ ከሌላው ክፍል እሹሩሩውን ትሰማለች። ቤቱ ሰው ሞልቶበት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ከነበረችው ይልቅ እዚህ ብቻዋን የሆነች መሰላት። ለሾፌሩ በስልክ ልትነግረው አሰበች። “ደህና ነሽ?” ሲላት፣ “ደህና ነኝ” አለችው።

ልጅቱ መቀመጥ በለመደችበት ሰሞን ነው። እናቷ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው፣ ሕፃኗ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተኝታ ነበር። ነቃች። መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ጮኸች። እናትየው ከዊልቸሩ ላይ ሆና በስሟ ጠራቻት፤ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም። አንስቼ እጥላታለሁ የሚለው ፍርሃት እንዳለ ነው። ግን ማንሳት ባትችል መውረድ ትችላለች። የዊልቸሩን ፍሬን ያዘች፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ላይ አጠፈች፣ መቀመጫዋን ወደ ፊት እየገፋች ገፋችና ራሷን ለቀቀች። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ዱብ አለች። ዳሌዋን አመማት። በክርኗ እየተጎተተች ደረሰችና አጠገቧ በጎኗ ተጋደመች። ሕፃኗ ልቅሶዋን አቁማ ተመለከተቻት፤ እናቷን በዚህ ከፍታ አይታት አታውቅም። ከዚያ አፍንጫዋን ያዘቻት።

እናቷ ሲመለሱ ሁለቱን እዚያ አገኟቸው። ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ።

“ወደቅሽ?”

“አልወደቅሁም፤ ወርጄ ነው።”

“ማን ሊያነሳሽ? በዚህ እርጅናዬ እኔ አንቺን የማነሳበት ወገብ አለኝ?”

“ማታ ሲመጣ ያነሳኛል። እማዬ፣ ልጄ ናት። እሷ ላይ ወንድሜን እያየሽ አትንጠቂኝ።”

እናቷ እንደሚቆጡ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

“እግሯን ሁልጊዜ እነካለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ስትተኛ እየጠበቅሁ። ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን አያምንም።”

እሷም ከተጋደመችበት እጇን ዘርግታ የእናቷን የነጠላ ጫፍ ያዘች። ሾፌሩ ማታ ሲመጣ ሦስቱም ወለሉ ላይ ዳቦውን እየቆረሱ ደረሰ፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጫማውን አውልቆ ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ተለወጠ፤ ሁሉም አልተለወጠም። እናቷ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ጠዋት እየመጡ እስከ ምሳ ብቻ ይቆያሉ። ሾፌሩ አልጋውን እግሩን ቆርጦ ዝቅ አደረገው፤ መስመሩን ግን አልቀየረም፤ አሁንም ከየማረፊያው ይደውላል። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በመስኮቷ በኩል ሲያልፉ፣ ልጇን አዝላ እንደማታውቅና እንደማታዝል ታስባለች። ይህ ሐዘን የትም አልሄደም።

ልጅቱ ግን የራሷን ዘዴ አወጣች። ማንም አላስተማራትም። ሌሎች ሕፃናት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አንሱኝ ሲሉ፣ እሷ መራመድ ሳትጀምር መውጣት ለመደች። አያቷን ስታገኝ እጇን ትዘረጋለች፤ እናቷ ጋር ስትሆን ግን መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያውን ትረግጣለች፣ ከዚያ ቀሚሷን ትጨብጣለች፣ ከዚያ በጉልበቷ ጭኗ ላይ ትወጣለች። የእናቷ ሥራ ክንዷን እንደ አጥር ከኋላ ማድረግ ብቻ ነው። የእናቷን አንገት አጥብቃ ትይዛለች፤ እንደ ሌላ ልጅ ሰውነቷን ለቅቃ አትንጠለጠልም።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ልጅቱ እንደዚያ ወጥታ የእናቷ ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አያቷ ሄደዋል፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው። የልጅቱ ክብደት የእናቲቱን ትንፋሽ አሳጠረው፤ ክንዷ ደነዘዘ። ቤቱ እየጨለመ መጣ፤ የመብራቱ ማብሪያ ከበሩ አጠገብ ነው። ዊልቸሩን ብታንቀሳቅስ ልጇ ትነቃለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጠራ፣ ጠራና ዝም አለ። ወጥ ቤት ያለው ቧንቧ ይንጠባጠባል። የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች፤ ረጅም ነው፣ አይቆራረጥም፣ እስከ ሆዷ ድረስ ይወርዳል። ማብሪያውን ተወችው፤ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ ቀረች።